ሽንት እንደ ቡና ሲጠቁር፦ ስለ ቀይ ደም መፍረስ

መስከረም ሲጠባ በየገበያው የባቄላ እሸት ይሸጣል፤ ትምህርት ቤቶችም ይከፈታሉ። ዝናሙ አባርቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቀር የወባ ትንኝ ይራባልና፥ በቆላውና ዝቅ ባለው ወይና ደጋ እስከ ኅዳር ድረስ ትኩሳቱ ይበረታል። እሸቱና ወባው በአንድ ወራት መምጣታቸውን ላየ ሰው አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ነገር ያለ አይመስለውም። ነገር ግን አልፎ አልፎ እሸቱ ወይም ለወባው የተሰጠው ክኒን ደሙን የሚያፈርስበት ልጅ ይገኛል። ይህን ልጅ በጊዜ የሚያስተውል መምህር ወይም ወላጅ በአጠገቡ መኖሩና አለመኖሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

የሚታየው ምልክት እንዲህ ነው። ትናንት ደኅና የነበረው ልጅ ዛሬ ፊቱ ይገረጣል፤ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ልቡ በኃይል ይመታል፤ የዓይኑ ነጭ ብጫ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ቡና ይጠቁራል። ልጆች ይህን አፍረው ለማንም አይናገሩትምና ፊቱ የገረጣውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ በቀስታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የነገሩን ምክንያት ለመረዳት ስለ ደም ጥቂት ማወቅ ይገባል። ቀይ የደም ሕዋስ በአጥንት መቅን ውስጥ ተፈጥሮ 120 ቀን ያህል በደም ሥር ሲዞር ከኖረ በኋላ ያረጃል፤ ያረጀውንም ጣፊያና ጉበት ያስወግዱታል። በጤነኛ ሰው አካል ውስጥ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት ሲወገዱ ያንኑ ያህል በምትካቸው ይወለዳሉ። ከፈረሰው ሕዋስ የተገኘው ብረት ለአዲሱ ይውላል፤ የቀረው ክፍል ቢሊሩቢን ወደሚባል ብጫ ነገር ተለውጦ በጉበት በኩል ከሐሞት ጋር ይወጣል። እንግዲህ ሕዋሳቱ ዘመናቸው ሳይደርስ በብዛት ሲፈርሱ፥ መቅኑ ተክቶ አያደርስም፤ ብጫውም ከጉበት አቅም በላይ ሆኖ በዓይን ላይ ይታያል። ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢንም በኩላሊት አልፎ ወደ ሽንት ይፈስሳል።

ደምን የሚያፈርሱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ወባ ራሱ ያፈርሳል፤ ዓይነቱ ያልተስማማ ደም ለበሽተኛ ሲሰጥም ይፈርሳል። እዚህ የምንናገረው ግን ከእናት ሆድ ይዘውት ስለሚወለዱት አንድ ጉድለት ነው።

ይህ ጉድለት የተገለጠው በአሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐኪሞች ፕሪማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት በኢሊኖይ ግዛት በስቴትቪል ወኅኒ ቤት ፈቃደኞች በተባሉ እስረኞች ላይ ይፈትኑ ነበር። (እስረኛ የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል እውነተኛ ፈቃድ እንደ ሆነ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው።) ክኒኑን ከዋጡት መካከል አንዳንዶቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ሽንታቸው ጠቆረ፤ ደማቸውም አነሰ። ሐኪሞቹ የእነዚህን ሰዎች ቀይ ሕዋሳት ምልክት አድርገውባቸው ለጤነኛ ሰው ሰጡና ያንን ጤነኛ ሰው ፕሪማኪን ቢያውጡት፥ እንግዶቹ ሕዋሳት ፈረሱ፤ የራሱ ግን ደኅና ቆዩ። በዚህም ጥፋቱ ከሕዋሱ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ከሕዋሱ የጎደለው ጂ-ስድስት-ፒዲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኤንዛይም መሆኑ ተገለጠ።

የዚህ ኤንዛይም ሥራ ሕዋሱን ከዝገት መጠበቅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ብረት አየርና እርጥበት ሲያገኙት እንደሚዝግ፥ ቀይ ሕዋስም ኦክስጅን ሲሸከም ስለሚውል ዘወትር መከላከያ ያሻዋል። ኤንዛይሙ የጎደለው ሰው በዘወትር ኑሮው ምንም አይሰማውም፤ ችግሩ የሚገለጠው መድኃኒት፥ ምግብ ወይም ብርቱ ትኩሳት ሲፈትነው ነው። ጉድለቱ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ወባ ለብዙ ዘመን በኖረበት አገር ይበዛል፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ከብርቱ ወባ በመጠኑ እንደሚጋርድ ይታመናል። በአገራችን በደጋው ሕዝብ ዘንድ ጥቂት፥ በጋምቤላ ግን ከዚያ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ወንድ ልጅ ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው፤ አባት ለሴቶች ልጆቹ እንጂ ለወንዶቹ አያወርስም። በብርቱ የሚጎዱትም ይልቁን ወንዶች ናቸው።

ስለ ባቄላ ሲወራ ሰው ሁሉ እንዳይደነግጥ እንለምናለን። ባቄላ መልካም ምግብ ነው፤ የጾመኛም ኃይል ነው። በውስጡ ያለው ቪሲን የተባለ ነገር የሚጎዳው ኤንዛይሙ የጎደለውን ሰው ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ቢሆን በልተው ምንም የማይሆኑ አሉ። ሕመሙ በብርቱ የሚታወቀው በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይነሣል። ጉድለቱ በምርመራ የታወቀበት ሰው ከእሸቱም፥ ከፉሉም፥ ከስልጆውም ይከልከል። ሽምብራ፥ ምስርና አተር ግን በዚህ አይጠረጠሩም። ጓያ እግርን የሚያሽመደምድበት መንገድም ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው።

የክኒኑ ነገር ግን ከእሸቱ ይበልጥ ያሳስባል። በአገራችን ካሉት የወባ ዓይነቶች ቪቫክስ የሚባለው በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ተመልሶ ይነሣል። በክሎሮኪን የዳነ የመሰለው ልጅ በጥር ወይም በየካቲት እንደ ገና በብርድ የሚንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው። የተሸሸገውን ወባ ከሥሩ የሚነቅለው፥ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚዋጠው ፕሪማኪን ነው። ስለ ደም መፍረስ የሰማ ሰው ፈርቶ ክኒኑን በሦስተኛው ቀን ቢጥለው ወባውን በቤቱ አስቀመጠ ማለት ነው። የሚሻለው አስቀድሞ መናገር ነው። «ከዚህ በፊት ክኒን ውጬ ሽንቴ ጠቁሮ ነበር» ወይም «ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ነበር» ያለውን ሰው ሐኪሙ ከጣቱ ጥቂት ደም ወስዶ ሊያስመረምረው ይችላል። ጉድለቱ ቢገኝበትም ክኒኑን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለስምንት ሳምንት በሐኪም ጥበቃ የሚወስድበት መንገድ አለ። ለእርጉዝ ሴትና ዕድሜው ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን ፕሪማኪን አይሰጥም።

ሽንት የጠቆረ እንደ ሆነ ግን ክኒኑን ማቆምና ያንኑ ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል፤ የተዋጠውንም ክኒን ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ሐኪሙን ይረዳዋል። እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ልማድ ብዙ ሰው ይጎዳል። ዓይኑ ብጫ የሆነውን ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ቅጠል ጨምቀው ያጠጡታል። የዓይን ብጫ መሆን ምልክት ነው እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ከጉበት ሊመጣ ይችላል፤ ከደም መፍረስም ሊመጣ ይችላል። ደሙ እየፈረሰ ያለ ልጅ አንድ ቀን ከቅጠል ጋር ባሳለፈ ቁጥር ደም የሚሰጥበት ጊዜ ያልፈዋል።

አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለው። በሣጥን ውስጥ ልብስን ብል እንዳይበላው የሚጨመረው ነጭ የናፍታሊን ክኒን በሽታው ብቻ የሕፃንን ደም ሊያፈርስ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የግሪክ ሐኪሞች ናፍታሊን በነካው ልብስና ብርድ ልብስ የታመሙ አራሶችን ታሪክ አሳትመዋል፤ ከሕፃናቱም የሞቱ ነበሩ። በአራስ ላይ ብጫው ከመጠን ሲያልፍ ወደ አንጎል ይገባል፤ ከሞት ቢተርፍም ደንቆሮነትና የአካል መዛል ሊተው ይችላል። ስለዚህ አያት ለልጅ ልጇ ብላ በሣጥን ያኖረችው ጋቢ ናፍታሊን የሚሸት ከሆነ ሕፃኑ ሊጠቀለልበት አይገባም። ዓይኑና ገላው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ብጫ የሆነ ሕፃንም፥ ፀሐይ ይመታው ተብሎ በደጅ የሚቆይ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።