«ሰው ይሸጣል እንዴ?» — የልጃችን ውል ያለቀበት ክረምት

የሰኔ ዝናብ የሆሳዕናን ቆርቆሮ ሲደበድብ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለመስማማት ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ አንድ ማታ የእህቴ ልጅ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ በስልኩ የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ ያያል። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«ሉካ ዶንቺች ይባላል አባባ። ጨዋታ አቀጣጣይ ነው፤ ኳሱ ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ቡድኑን ለፍጻሜ ባደረሰ በዓመቱ ሳያማክሩት ለሌላ ከተማ አሳልፈው ሰጡት።»

«ሰጡት ማለት?»

«በሌላ ተጫዋች ለወጡት። ማታ የዳላስ የነበረው ጠዋት የሎስ አንጀለስ ሆነ።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሰው ይሸጣል እንዴ?» አለ።

ሳቅን። ልጁ ግን ብዙ አልሳቀም። እሱም አማካይ ሆኖ ኳስ የሚያከፋፍል የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። የ20 ዓመት ልጅ ነው። ከክለቡ ጋር የነበረው ውል በዚያው ሰኔ 30 ያልቅ ነበር። ከሐምሌ 1 ጀምሮ የማንም አይደለም ማለት ነው። በስፖርቱ ቋንቋ ነጻ ተጫዋች ይሉታል። እናቱ ግን በቀጥታ «ሥራ ፈት» አለችው።

ኳስ በእኛ ከተሞች

ለሩቅ አንባቢ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ግን ኳስ ከጨዋታ በላይ ነው። «ነብሮቹ» የምንላቸው ሀዲያ ሆሳዕናዎች በ2008 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውተው በዚያው ዓመት ወረዱ። በ2012 ዓ.ም. ተመልሰው ገቡ፤ ያ የውድድር ዘመን ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሱፐር ስፖርት ሊጉን በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር ግን ልጆቻችንን ከአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ውጭ በቴሌቪዥን አየናቸው። የአምስት ዓመቱ የስርጭት ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነው ሲባል በየመንደሩ ልጁን ኳስ እንዳይጫወት ይቆጣ የነበረ አባት ሁሉ መቆጣቱን ተወ።

ከዱራሜም ሀምበሪቾ መጣ። ስሙን ከተራራው የወሰደው ይህ ክለብ ለ2016 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ የከምባታ ሰው ደስታ ወሰን አልነበረውም። በዓመቱ ተመልሶ ወረደ። ትንሽ ከተማ ያለው ክለብ ላይ መውጣት ከባድ ነው፣ እዚያ መቆየት ደግሞ የባሰ ነው። ክለብ ሲወርድ የሚበተነው ደግሞ ተጫዋቹ ነው።

ሌላም የምናውቀው መንገድ አለ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና ከሾኔ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። መሬት ተሸጦ፣ በሬ ተሸጦ፣ ብድር ተገብቶ ነው የሚኬደው። የደረሰም አለ፣ ቤት የሠራም አለ፣ በመንገድ የቀረም አለ። እህቴም ሁለት የባሏ ወንድሞች እዚያ ናቸው። በዚያ ክረምት ሁለቱም እየደወሉ «ኳሱ ካልሆነ ላኪልን» ይሏት ነበር። ስለዚህ ልጁ ቡድን ማግኘትና አለማግኘቱ የእሱ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። ክለብ ካላገኘ ቀጣዩ መንገድ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማንም በአፉ አይጠራውም።

ገበያው እንዴት ነው?

ለአባቴ ያስረዳሁትን ለእናንተም ላስረዳ። በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ክለቡ የተጫዋቹን ውል እንዳለ ለሌላ ክለብ ያስተላልፋል፤ ውሉ ላይ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለ የተጫዋቹ ፈቃድ አያስፈልግም። በእግር ኳስ ግን እንዲህ አይደለም። ክለቦቹ በገንዘብ ቢስማሙም ተጫዋቹ ራሱ ካልፈረመ አይሄድም። ውሉ ካለቀ ደግሞ ለቀድሞው ክለብ የዝውውር ዋጋ ሳይከፈል ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። የፊፋ ደንብ እንደሚለው ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም ይችላል።

ይህ መብት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኦስካር ሮበርትሰን የሚባል ስመ ጥር ጨዋታ አቀጣጣይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ሊጉን ፍርድ ቤት ከሰሰ። በዚያን ጊዜ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው የትም መሄድ አይችልም ነበር። ክሱ በስምምነት የተቋጨው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1976 ነው፤ ሮበርትሰን በዚያን ጊዜ ጫማውን ሰቅሏል። ዛሬ በሚሊዮን የሚፈርሙት ልጆች የሚበሉት እሱ ከዘራው ነው። በእግር ኳስም ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ውሉ አልቆ ክለቡ ባይለቀው ተሟግቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 ከአውሮፓ ፍርድ ቤት ፍርዱን አገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነጻ የመሄድ ነገር በአውሮፓ የጸናው።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲህ ገመዱን ፈትተውለታል። ሣሩ ግን የት ነው?» አለኝ። የእኛ አገር ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው።

አብዛኛው የአገራችን ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። በየክረምቱ ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣሉ። ክለቦቹም አብዛኞቹ በከተማና በዞን በጀት የሚተዳደሩ ስለሆኑ በጀት ሲጓደል መጀመሪያ የሚዘገየው ደመወዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። 50 ሺህ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ በጊዜው የግብር ሕግ ከዚያ ላይ 16 ሺህ ብሩ የሥራ ግብር ነው። ስለዚህ ወላጅ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ግብሩ ተነስቶ ወይስ ሳይነሳ?» ብሎ መጨመር አለበት። በዚህ መካከል ደግሞ ደላላ አለ። ወኪል ይባል እንጂ ፈቃድ ያለውም የሌለውም አንድ ላይ ነው የሚሠራው።

ባዶው መስመር

በነሐሴ መጀመሪያ ከሩቅ ከተማ ጥሪ መጣ። አገናኙ ሰው በስልክ የነገረን የወር ደመወዝ ልጁ ያገኝ ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የፊርማ ገንዘብም አለ። ከዚያ ላይ ለእሱ ድርሻው ይቆረጣል። «ዛሬ ካልፈረመ ነገ ሌላ ልጅ አለ» አለን። ውሉን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ላከው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምነው።

እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አባቴ ግን «አንብቡልኝ» አለ። ስለዚህ እኔ በአማርኛ እያነበብኩ በሀዲይኛ ነገርኩት። አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት እያልን ደመወዝ የሚለው ጋ ስንደርስ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም አባባ፤ ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ በምን ላይ ነው የሚፈርመው?»

ለሰውዬው ደወልን። «ችግር የለም አባባ፣ ልጁ እዚያ ሲደርስ ይሞላል፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚፈርመው» አለ። ውሸቱን እንዳልሆነ የእህቴ ልጅ መሰከረለት። እሱም የመጀመሪያውን ውሉን የፈረመው እንደዚሁ ነበር። ከዚያው ክለብ የሁለት ወር ደመወዝ እስካሁን አልተከፈለውም፤ ይህን ለእኛ የነገረን በዚያ ቀን ነው። አፍሮ ደብቆት ኖሯል።

አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ከመሶቡ ሥር አስቀመጠው። «እኔ በሬ የምገዛው ጥርሱን አይቼ ነው» አለ። «ይኼ ሰውዬ የልጄን ጥርስ አይቷል፤ እኔ የእሱን አላየሁም። ቁጥሩ ይጻፍና ይፈርማል፤ ካልተጻፈ አይፈርምም።»

ቁጥሩ አልተጻፈም። በማግሥቱ ሰውዬው ስልክ ማንሳት ተወ።

እዚህ ጋ አያት ትክክል ነበሩ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን እውነቱን ልናገር። አብሮት ይጫወት የነበረ ልጅ ያንኑ ባዶ ወረቀት ፈርሞ ሄደ። ደመወዙ እስካሁን በሰዓቱ ይገባለታል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ አያቱን ለሳምንት ያህል አላናገረም። «አባባ ዕድሌን ዘጋብኝ» አለኝ። ለያሆዴ በዓል ሁላችን ተሰብስበን አታካናው ቀርቦ እሱ ዳር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ አባቴ አየው። ምንም አላለም። ቅቤ የበዛበትን በገዛ እጁ አጉርሶት ተመለሰ።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ከዚያ ክረምት የተማርነውን ላካፍላችሁ፤ ልጅ ያለው ሰው ይጠቅመዋል።

ልጃችሁ 18 ዓመት ካልሞላው ውሉን የምትፈርሙት እናንተ ወላጆች ወይም ሞግዚት ናችሁ። ስለዚህ «ልጁ ፈርሟል» ብሎ ነገር የለም። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ ውል መግባት አይችልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ከ18 ዓመት በታች ወደ ውጭ አገር ክለብ መዛወርም ክልክል ነው። «ውጭ እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የልጁን ዕድሜ አስቡ።

ውሉ ላይ ደመወዙ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ የፊርማው ገንዘብ መቼ እንደሚሰጥ፣ ልጁ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ይጻፍ። ልጁ የራሱን ቅጂ በእጁ ይያዝ፤ ውሉ ፌዴሬሽን ዘንድ መመዝገቡን ራሳችሁ አረጋግጡ። ያልተመዘገበ ውል ክርክር ሲመጣ አቅም የለውም።

የፊፋ ደንብ ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ አሳውቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን ማፍረስ ይችላል ይላል። ይህ በልጃችሁ ውል ላይም እንዲገባ ጠይቁ። የእኛ ልጅ የቀረበትን ሁለት ወር ጠይቆ በጽሑፍ አመልክቷል፤ መልስ እየጠበቀ ነው። ዝም ብሎ ቢሆን ግን የሚጠብቀው ነገር እንኳ አይኖረውም ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቻችን ያልተከፈላቸውን እንዲነግሩን እናድርግ። የእኛው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ባዶ ኪሱን የደበቀን ገንዘብ ስንጠብቅበት ስላየ ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ቁጥሩ አለ?

የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት በመስከረም መጨረሻ ከአንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ጥሪ መጣለት። ደላላ የለበትም፤ የደወለው አሰልጣኙ ራሱ ነው። ገንዘቡ የነሐሴው ከተባለው ከግማሽ ያንሳል። ልጁ ብቻውን ሄደ። እኔ ልሸኘው ብል «አይ ጋሼ፣ እችላለሁ» አለኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የአባቴ ስልክ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያወራ ሁላችንም ሰማን። ልጁ ከክለቡ ቢሮ ሆኖ ውሉን ለአያቱ እያነበበ በሀዲይኛ ይነግረዋል። አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ደመወዝ የሚለው ጋ ሲደርሱ ዓይኑን ገለጠ።

«ቁጥሩ አለ?»

«አለ አባባ። በፊደልም አለ።»

«አሁን ፈርም ልጄ» አለና ስልኩን ለእህቴ አቀበላት።