«ፈንዱ ካለቀ ትምህርቱም አለቀ»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርቧ ናቸው፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ስለዚህ ሩዝ፣ ጎርፍ፣ መስኖ ወይም የፎገራን ከብት የሚያጠኑ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በከተማዋ ዙሪያ ካለው የፎገራ ሜዳ አይጠፉም። የምርምር ገንዘባቸው ከጥናታቸው ቀድሞ የሚያልቅባቸው ብዙ ናቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ደግሞ በእርዳታ ድርጅቱ በዩኤስኤአይዲ ይደገፉ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች በየአገሩ ባልታሰበ ጊዜ ተቋርጠዋል። እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ተማሪ ምክር አያጣም። ከምክሩ ብዙው ግን ተረት ነው።

ተረት፦ «ፈንዱ ካለቀ ትምህርቱም አልቋል።»

አላለቀም። በአገራችን አብዛኛው የዶክትሬት ተማሪ መምህር ወይም ተመራማሪ ነውና ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች አሉት፦ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው ምዝገባ፣ ከገንዘብ ሰጪው ጋር ያለው ስምምነት፣ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት በዋስ የፈረመው የአገልግሎት ግዴታ። ሁለተኛው ሲቋረጥ የቀሩት እንዳሉ ናቸው። ዕዳ የሚያመጣው ተስፋ ቆርጦ መተው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያወጣውን ወጪ ከተማሪው፣ ካልሆነም ከዋሱ ሊጠይቅ ይችላል። ዋሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመለመን በፊት መጻፍ ያለበት የጊዜ ማራዘሚያ ማመልከቻ ነው፤ የአማካሪው ደብዳቤ ተያይዞበት፣ የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ።

ተረት፦ «የቀረችውን ብር ለየወሩ እኩል እያካፈሉ መኖር ነው።»

ይህ ምክር ለደመወዝተኛ ቤት ይሠራል። ፎገራ ላይ የሙከራ ማሳ ላለው ተማሪ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

የሜዳው ሩዝ በዝናብ የሚበቅል፣ በዓመት አንዴ የሚታጨድ ሰብል ነው። ሰኔ ላይ ዘርና ማዳበሪያ ይገዛል። ሐምሌና ነሐሴ የአረም ጊዜ ነው፤ ገበሬው ሁሉ የቀን ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ስለሚፈልግ የጉልበት ዋጋ ይንራል። ያኔ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ከወጡ ማሳው ድረስ መግባቱም ፈተና ነው። ኅዳር ላይ አጨዳው፣ ውቂያውና ምዘናው ይመጣል፤ ቀጥሎ የአፈርና የእህል ናሙና ላቦራቶሪ ይገባል። ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ግን የጽሑፍ ወራት ናቸው፤ ለማሳ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። በእነዚህ ወራት በእኩል ድርሻ የተበላ ብር ነሐሴ ላይ ከየትም አይመጣም።

የባሰው ችግር ከመንግሥት በጀት የሚመጣው የምርምር ገንዘብ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለው ተመላሽ ይሆናል፤ አዲሱ እስኪለቀቅ ደግሞ ሐምሌ ይጋመሳል። ማለትም ዘሩ መሬት በሚገባበትና አረሙ በሚያይልበት ጊዜ ሒሳብ ክፍሉ መዝጊያ ላይ ነው። የክረምቱን ወጪ የሚጠይቅ ሰው ሚያዝያ ላይ ካልጠየቀ ዘግይቷል።

አንድ ክረምት ካመለጠ የሚጠፋው ዓመት ነው። የመስክ ሙከራ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለት ወቅት እንዲደገም ይጠበቃል። ያ ዓመት የቤት ኪራይ አለው፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለው፣ የዘገየ የረዳት ፕሮፌሰርነት ዕድገት አለው። ለአረም የሚከፈለውን ቆጥቦ ይህን ሁሉ መክፈል ክስረት ነው። ከቀረው ብር መጀመሪያ የክረምቱ ሥራ ድርሻ ተነጥሎ ይቀመጥ፤ የወር ቀለብ የሚታሰበው ከዚያ በተረፈው ነው። ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል የሚያስፈልገው ተማሪም ግዢውን አያቆይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን አይተናል።

ተረት፦ «ፎገራ እየሠራህ ቸገረኝ ትላለህ እንዴ? ሽንኩርት አትተክልም!»

ሽንኩርት ከሩዙ በኋላ በፓምፕ ውሃ ለብዙ አባወራ ገንዘብ ማምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን የመሬት ኪራዩ፣ ዘሩ፣ ነዳጁና ፀረ ተባዩ ቀድሞ ይከፈላል፤ ምርቱ በአንድ ጊዜ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ሽንኩርት ደግሞ ብዙ አይቆይም። ዕድሜውን በሙያው ያሳለፈው ገበሬ እንኳ ይከስራል። ከሁሉ በላይ የበጋ ሽንኩርት ከማሳው የማይርቅ ሰው ይፈልጋል፤ በጋው ደግሞ ተማሪው የሚጽፍበት ጊዜ ነው።

ከዚህ ይልቅ የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ይሻላል፤ ዳኛውን ቀደም ብሎ አነጋግሮ፣ ዕጣው ከወጣለት ሰው ጋር ተለዋውጦ፣ ሰኔ ላይ መብላት ይቻላል። ወለድ የለውም። ደመወዙ ከማይችለው ዕቁብ ግን መግባት አይገባም፤ ከበሉ በኋላ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ስማቸውንም ዋሳቸውንም ያጣሉ።

ተረት፦ «ገንዘብ የሌለው ሰው ጥሩ ጆርናል ላይ አያሳትምም።»

ክፍያ የሚጠይቁት ሁሉም ጆርናሎች አይደሉም፤ አንባቢን የሚያስከፍሉት ከጸሐፊው ብዙ ጊዜ ምንም አይጠይቁም። በነጻ ከሚነበቡት መካከልም ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ። ብዙዎቹ ለዚህ በሚከተሉት ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ናት። ደንቡ ይለያያል፤ አንዱ ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈውን ጸሐፊ አገር ብቻ ያያል፣ ሌላው የሁሉንም ጸሐፊዎች። ስለዚህ የውጭ አማካሪ ስም ከመግባቱ በፊት ደንቡን ማንበብ፣ ጥያቄውንም ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሳይሆን ሲላክ ማቅረብ ያስፈልጋል።