የጨቅላው ጥበቃ ከእጃችን ይጀምራል

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በጨንቻና በዶርዜ ደጋ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ የምትኖሩ እናቶችና አባቶች፣ እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን «ልጃችን ለመዳን ሐኪም ቤት ገብቶ እንዴት እዚያው ሌላ በሽታ ይይዘዋል?» የሚል ጥያቄ ከወላጆች ስለምሰማ፣ ዛሬ በዚሁ እንነጋገር።

እናቶች እርሾን ታውቃላችሁ። ጥቂቱ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ሲያገኝ ይራባል። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስም የእርሾ ወገን ነው። በቆዳችን፣ በአፋችንና በአንጀታችን ይኖራል፤ ጤነኛ ሰውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ቀኑ ደርሶ በተወለደ ሕፃን ምላስ ላይ ነጭ ሆኖ ቢወጣ እንኳ በቀላሉ ይታከማል።

ያለ ቀኑ ለተወለደ፣ በተለይም ክብደቱ ከ1500 ግራም በታች ለሆነ ሕፃን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቆዳው ስስ ነው፤ የመከላከል ኃይሉም ገና አልጠነከረም። በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲተኛ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ ደም ሥሩ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል፤ አንቲባዮቲክም ይሰጠዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሆኖም ቱቦው ለፈንገስ በር ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይገድልም፤ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ሲያልቁ ፈንገሱ ባዶ ማሳ እንዳገኘ አረም ይስፋፋል። ደም ውስጥ ከገባ አንጎልን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እጅግ አሳሳቢ ብሎ በመጀመሪያው ረድፍ ካስቀመጣቸው 4 ፈንገሶች ሁለቱ የካንዲዳ ዓይነቶች ናቸው።

ታዲያ ምልክቱ ምንድን ነው? ትኩሳት ብቻ አይደለም። ሕፃኑ ሊቀዘቅዝ፣ መጥባት ሊያቆም፣ ሊዝል፣ ትንፋሹም ቆም ቆም ሊል ይችላል። በባክቴሪያ የሚመጣውም ሕመም ይህንኑ ስለሚመስል፣ የሚለየው ደሙ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። ፈንገስ ከሆነ እንደ ፍሉኮናዞል ወይም አምፎተሪሲን ቢ ያለ መድኃኒት ይታዘዛል። ደሙ ከጠራ በኋላም ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 2 ሳምንት ይቀጥላል። ስለዚህ «ተሽሎታል» ብላችሁ ልጁን ይዛችሁ አትውጡ።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው?

አንደኛ፦ ሕፃኑን ከመንካታችን በፊት ቀለበትና አምባር አውልቀን፣ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። አያትም ሆነች ጠያቂ ዘመድ፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ከዚህ ነፃ አይደሉም።

ሁለተኛ፦ የእናት ጡት ወተት እንስጥ። መጥባት ካቃተው ታልቦ በቱቦ ይሰጠዋል። ቅቤ ማስላስና የስኳር ውኃ ማጠጣት ይቅር።

ሦስተኛ፦ የጤና ባለሙያው ሲፈቅድ፣ እናት ልጇን ራቁት ገላዋ ላይ ትታቀፈው። ይህ ያሞቀዋል፤ ከኢንፌክሽንም ይጠብቀዋል።

አራተኛ፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አንግዛ። «ቱቦው አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ነርሷን መጠየቅም ነውር አይደለም።

ፊደል የቆጠራችሁ፣ በልጁ ካርድ ላይ የተጻፈውን ክብደት አንብቡ፤ ያልቆጠራችሁ አስነብቡ። የዛሬው የደብተር ሥራችሁ «እጄን ታጥቤ ልጄን አቅፋለሁ» የሚለውን ሦስት ጊዜ መጻፍ ነው። መጻፉ ለደብተር፣ መታጠቡ ለልጅ ነው።