የፊልሞና ቤት በነቀምቴ፦ ቃሉን ከዕለት ኑሮ ጋር ስለ ማዛመድ

ምልከታ፣ ትርጓሜና ተዛምዶ የሚሉት ሦስት ደረጃዎች ለሁላችንም የተለመዱ ናቸው። ክፍሉ ምን ይላል? ምን ማለት ነው? ከእኛስ ምን ይጠብቃል? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ብዙ ሰዓት እንደክማለን፤ ሦስተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ማታ፣ ጉልበታችን ካለቀ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ስብከቱ «እኛም እንደ ጳውሎስ እንሁን» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋና ወደ ጸሎት እናልፋለን። ምእመኑን ግን ሰኞ ጠዋት የሚጠብቀው የብድር ቀጠሮ፣ ያኮረፈ ወንድም፣ የሦስት ወር ደመወዟን የምትጠይቅ የቤት ሠራተኛ ነው። እሑድ የሰማው ቃል እዚያ ድረስ ካልሸኘው ተዛምዶው አልተሠራም ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንድ አጭር መልእክት ይዘን ተዛምዶ እንዴት እንደሚሠራ አብረን እንመልከት። መልእክቱ ወደ ፊልሞና የተጻፈው ነው። የመረጥነው አጭር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለነቀምቴና ለወለጋ አብያተ ክርስቲያናት ከሌሎች መልእክቶች ይልቅ በቅርብ የሚያገባን ምክንያት አለ።

ስሙን ከመልእክቱ ያገኘው ተርጓሚ

በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ሂካ የሚባል ሕፃን ነበር። በልጅነቱ ተይዞ ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈም ምጽዋ ደረሰ። እዚያ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማረ፤ በ1872 ተጠመቀ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በክርስትና ስሙ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የምናነበው፣ ከፊልሞና ቤት የጠፋው ባሪያ ስም ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ታተመ። በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የተረፈች ነበረች፤ ባሪያዎችን በቀይ ባሕር ሊያሻግር የነበረ ጀልባ በ1886 ሲያዝ ነፃ የወጣች ናት። በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። ኦኔሲሞስ በ1931 እስኪያርፍ ድረስ በዚያው አገልግሏል። የልጅነት ስሙ ከኦሮምኛው «ሂኩ» ጋር ይዛመዳል፤ ቃሉ መፍታትም መተርጐምም ማለት ነው። የታሰረን ገመድ መፍታትና የተሰወረን ትርጉም መፍታት በዚህ ቋንቋ አንድ ቃል ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ለወለጋ ሕዝብ ይህን መልእክት በራሱ ቋንቋ ያቀረበለት ሰው ራሱ እንደ ዕቃ የተሸጠ ነበር፤ ሲተረጉምም በመልእክቱ ውስጥ የራሱን ስም ይጽፍ ነበር። በአገራችን ባርነትን በሕግ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1942፣ እርሱ ካረፈ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ለእኛ የፊልሞና መልእክት የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

መልእክቱ በማን ፊት ተነበበ?

ከተዛምዶ በፊት ትርጓሜ ይቀድማልና ጥቂት ነገሮችን እናስተውል። መልእክቱ 25 ቁጥሮች አሉት። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ይጽፋል፤ ሰላምታው ግን ለፊልሞና ብቻ አይደለም፤ ለአፍብያ፣ ለአክሪጳና በቤቱ ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን ጭምር ነው (ቁ. 1-2)። ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆንም በጉባኤ ፊት እንዲሰማ ሆኖ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ ጳውሎስ ማዘዝ ሲችል ይለምናል (ቁ. 8-9)፤ በጎነቱ በግድ ሳይሆን በፈቃድ እንዲሆን ይፈልጋል (ቁ. 14)። ሦስተኛ፣ አናሲሞስ ማለት «የሚጠቅም» ማለት ነውና በስሙ እየተጫወተ፣ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለሁለታቸውም እንደሚጠቅም ይናገራል (ቁ. 11)። አራተኛ፣ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይጠይቃል፤ ይህም በጌታ ብቻ ሳይሆን በሥጋም ጭምር ነው (ቁ. 16)። አምስተኛ፣ በድሎ ወይም ተበድሮ እንደሆነ ዕዳው በእርሱ ላይ እንዲቆጠር በገዛ እጁ ይጽፋል (ቁ. 18-19)። በመጨረሻም ማረፊያ እንዲያዘጋጅለት ይነግረዋል (ቁ. 22)። መጥቶ ያያል ማለት ነው።

ሁለት ጥያቄዎች

ከዚህ በኋላ ለተዛምዶ የሚረዱ ሁለት ጥያቄዎችን እናንሣ። አንደኛው፦ ክፍሉ የሚጠይቀው ማንን ነው? ሁለተኛው፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

እኛ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ራሳችንን በጳውሎስ ቦታ እናስቀምጣለን፤ ምእመኑን ደግሞ በአናሲሞስ ቦታ። በዚህ ጊዜ ትምህርቱ «ከጌታህ አትኮብልል፣ ታዛዥ ሁን» የሚል ይሆናል። ነገር ግን በመልእክቱ ውስጥ አናሲሞስ አንድም ትእዛዝ አልተሰጠውም። የሚጠየቀው ፊልሞና ነው፤ ቤት ያለው፣ ሥልጣን ያለው፣ የተበደለውም እርሱ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ፊልሞናና ጳውሎስ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ አቅም የሌለው ሰው ዋጋ እንዲከፍል የሚያደርግ ተዛምዶ ከዚህ መልእክት አልወጣም።

ይህን አለማስተዋል ምን እንደሚያመጣ ታሪክ ያሳየናል። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ አንዳንድ ሰባኪዎች የኮበለሉ ባሪያዎች ለጌቶቻቸው ይመለሱ ለማለት ይህንኑ መልእክት ይጠቅሱ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ የወንድምነት ስም ያገኘበትን ገጽ ሌሎች ሰንሰለት ሠሩበት። ልዩነቱ የመጣው ሁለቱን ጥያቄዎች ካለመጠየቅ ነው። አሁን በጥያቄዎቹ ሦስት የዕለት ትግሎችን እንመርምር።

የቤት ሠራተኛዋ

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ከገጠር መጥታ በአማኞች ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። አንዳንዴም የምትሠራው በመጋቢው ቤት ነው። «እንደ ልጃችን ናት» እንላለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በመልእክቱ እንመዝነው። ልጆቻችን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እርሷ ቤት ትጠብቃለች? እኛ በልተን ከተነሣን በኋላ ነው የምትበላው? ደመወዟ «አስቀምጠንላታል» እየተባለ ለስንት ወር ቆይቷል? የማታ ትምህርት ልማር ብትል ምን መለስንላት? ስትታመም ያሳከምናት በራሳችን ገንዘብ ነው ወይስ ከደመወዟ ቆርጠን?

ጳውሎስ በጌታም በሥጋም ያለው ለዚህ ነው። በጸሎት ሰዓት «እኅታችን» ብሎ መጥራት በጌታ ነው፤ ደመወዟን በወሩ መጨረሻ በእጇ መስጠት በሥጋ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። በወለጋ በቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የተከራከረችው ስለዚሁ ነበር፤ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማገዝ አይነጣጠሉም፣ ሰው በሁለንተናው ይገለገል ብላለች። ይህን በዓለም ጉባኤ ፊት የተናገረች ቤተ ክርስቲያን ልጆች በማድ ቤታችንም ልንኖረው ይገባናል።

ሕጉም ቢሆን ብዙ አያግዛትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለትርፍ ያልሆነን የቤት ውስጥ ቅጥር ከአጠቃላይ ድንጋጌዎቹ ውጭ አድርጎ በደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ የልጅቱ ኑሮ በአብዛኛው በቤቱ ባለቤት ኅሊና ላይ ያረፈ ነው። ቆላስይስ 4፡1 ጌቶች በሰማይ ጌታ እንዳላቸው የሚያስታውሰው ይህን ኅሊና ነው።

ዕዳና ዋስትና

ቡና ነጋዴው ዋጋ ወርዶበት ብድሩን መክፈል አልቻለም፤ ዋስ የሆነለት ደግሞ የእናንተው የመዘምራን አባል ነው። ሁለቱም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ አቁመዋል። ምን ትሰብካላችሁ?

እዚህ ላይ አንድ ጥቅስ ብቻ መዝዞ መሮጥ አደገኛ ነው። ምሳሌ 6፡1-5 እና 22፡26-27 ዋስ ከመሆን ያስጠነቅቃሉ፤ ጳውሎስ ግን ዋስ ሆነ። ይጋጫሉ? አይጋጩም። ምሳሌ የሚያስጠነቅቀው ሳያስብ ቃል የገባውንና የሚከፍለው የሌለውን ሰው ነው። ጳውሎስ ግን ዕዳውን አውቆ፣ በእጁ ጽፎ፣ እከፍላለሁ ብሎ ይገባል። እንግዲህ ለምእመናን የምናስተምረው «ዋስ አትሁኑ» ወይም «በእምነት ፈርሙ» የሚል ሳይሆን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ልትከፍሉት የምትችሉትን መጠን እወቁ፣ ከፈረማችሁ ደግሞ ቃላችሁን አክብሩ የሚል ነው። ተበዳሪውም ከአበዳሪው ፊት አይሸሽ፤ ያለውን ይዞ፣ የቀረውን በጽሑፍ አድርጎ ይቅረብ።

ለእናንተም ለአገልጋዮች አንድ ጥያቄ አለ። በመካከላቸው ስትገቡ በቃል ብቻ ነው የምትገቡት? ጳውሎስ «ተዋደዱ» ብሎ ደብዳቤውን መጨረስ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ሒሳቡን ወደ ራሱ አዞረ። አንዳንድ ጊዜ ከመቶ ስብከት ይልቅ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዕዳው ጥቂቱን ብትጋራ ሁለቱን ወንድሞች ታስታርቃለች። ወንጌሉም ይኸው ነው፤ ክርስቶስ የእኛን ዕዳ በራሱ ላይ አስቈጠረ። ሉተር በዚህ መልእክት መቅድሙ ሁላችንም የክርስቶስ አናሲሞሶች መሆናችንን ያሳሰበው ለዚህ ነው።

ዕርቅ፦ «ተመለሺ» ከማለታችን በፊት

በወለጋ ጃርሱማ፣ በአማርኛው ሽምግልና የምንለው ልማድ መልካም ስጦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ትጠቀምበታለች። ነገር ግን የፊልሞና መልእክት ክፉኛ ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ወደ ቢሮአችሁ ስትመጣ፣ «ጳውሎስም አናሲሞስን መልሶታል፤ አንቺም ወደ ቤትሽ ተመለሺ» ማለት ይቀላል። ጳውሎስ ግን እንዲህ አላደረገም።

አራት ነገሮችን አስተውሉ። ጳውሎስ አናሲሞስን ባዶ እጁን አልላከውም፤ ደብዳቤ አስይዞታል። በስውር አልላከውም፤ ጉባኤው ሁሉ እንዲሰማ አድርጓል። ወደ ቀድሞው ሁኔታ አልመለሰውም፤ ወንድም ሆኖ ካልሆነ ባሪያ ሆኖ አይደለም። ከላከውም በኋላ አልተወውም፤ እመጣለሁ ብሏል። ደግሞም ዘዳግም 23፡15-16 ከጌታው የሸሸውን አሳልፈህ አትስጥ ማለቱን እናስታውስ። ድብደባው ሳይቆም፣ ባልየው በምስክር ፊት ሳይመለስ፣ የሚከታተል ሰው ሳይመደብ ሴቲቱን መመለስ የጳውሎስን መልእክት መከተል አይደለም። ዋጋውን ከሁሉ ይልቅ አቅም በሌላት ላይ መጫን ነው። በዚህ ጊዜ የመጋቢው የመጀመሪያ ሥራ ለእርሷና ለልጆቿ ደኅና ማደሪያ መፈለግ ነው፤ ጉዳዩም የሕግ ከሆነ ለሕግ ማድረስ ነው። ዕርቅ በደልን አይሸፍንም፤ ጳውሎስም «በድሎህ እንደሆነ» ብሎ በግልጥ አንሥቶታል።

ለሚመጣው እሑድ

እንግዲህ በማናቸውም ክፍል ላይ ስትዘጋጁ ሁለቱን ጥያቄዎች ከብራናችሁ ጎን ጻፉ፤ ክፍሉ የሚጠይቀው ማንን ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ከዚያም ከጉባኤያችሁ ሦስት ሰዎችን በልባችሁ አስቡ፤ አንዱ አሠሪ፣ አንዷ ተቀጣሪ፣ አንዱ ባለ ዕዳ ይሁኑ። ስብከቱ ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው ሰኞ ጠዋት ምን ያደርግላቸዋል? መልስ ካላገኛችሁለት ገና አልተጠናቀቀም።

የመጀመሪያው ተዛምዶ ግን ከመድረኩ በፊት በራሳችሁ ቤት ይሁን። ፊልሞና በቤቱ ቤተ ክርስቲያን የምትሰበሰብ የተከበረ አማኝ ነበር፤ ፍቅሩ ቅዱሳንን ያሳረፈ መሆኑን ጳውሎስ ራሱ መስክሮለታል (ቁ. 7)። ያም ሆኖ በገዛ ቤቱ አንድ ያልተፈታ ነገር ነበረው። እኛም እንደዚሁ ልንሆን እንችላለን። ፊልሞናን ከመስበካችሁ በፊት በነበረው ምሽት ወደ ማድ ቤት ግቡ፤ ልጅቱን በስሟ ጥሩና «ስንት ወር ነው ያልከፈልንሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመለሰችላችሁን ከፍላችሁ ነገ አብራችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ቤቱን ሌላ ሰው ይጠብቀው።