አሸዋ ላይ የሚፈስ ዩሪያ
ስለ ድሬዳዋ ግቢ ዛፎች የሚባለውና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ዛፍ የሌለው ግቢ ብርቅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናትና ጥላ ለጌጥ አይተከልም፤ ከምሳ በኋላ ምንጣፍ የሚነጠፈው እሱ ሥር ነው። ስለዚህ ኒሙ ሲገረጣ ወይም የድሬዳዋ ዛፉ አበባ ሲዘገይበት፣ ባለቤቱም ጎረቤቱም ሐኪም ይሆናል። የሚታዘዘው መድኃኒት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አንተ፣ ዩሪያ ጣልበት እንጂ!» (በድሬ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ምክሩም እንደዚያው ቀጥተኛ ነው።)

ችግሩ ምክሩ የመጣው ከሌላ አፈር መሆኑ ነው። የማዳበሪያ ልማዳችን የተወለደው በደጋው፣ በዋልካና በቀይ አፈር፣ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ነው። የድሬ ግቢ ግን በአብዛኛው ጎርፍ ከደቡቡ ተራራ አጥቦ ያወረደው አሸዋ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ በክረምት የሚያመጣው፣ በበጋ ደግሞ ሰው ለግንባታ የሚዝቀው ዓይነት። እዚህ አፈር ላይ የደጋው ምክር አንዳንዴ ከንቱ ድካም ይሆናል፣ አንዳንዴም ይጎዳል።

«አሸዋ ደሃ ነው፤ ስለዚህ አብዝተህ ስጠው»

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። አሸዋ ደሃ የሆነው የሚሰጠው አጥቶ ሳይሆን የተሰጠውን መያዝ ስለማይችል ነው፤ ወንፊት ነው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እርጥብ አፈር ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም፣ መሬቱ ሞቃት ከሆነም በሳምንታት ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አሞኒየም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ሸክላና ብስባሽ ይዘው ያቆዩታል። ናይትሬት ግን ኔጋቲቭ ነው፤ የሚይዘው ስለሌለ ውኃው ወደሄደበት ይሄዳል። ሸክላ በሌለበት አሸዋ ላይ አንድ ብርቱ ዝናብ ወይም ሌሊቱን ተከፍቶ ያደረ ጎማ፣ የዛፉን ድርሻ ሥሩ ከማይደርስበት ጥልቀት ያወርደዋል።

ስሌቱን በቁጥር እንየው። ቅርንጫፉ ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር የሚሰፋ ዛፍ፣ ጥላው የሚሸፍነው መሬት 12.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ለጥላ ዛፍ በዓመት በካሬ ሜትር 10 ግራም ናይትሮጅን ይበቃል፤ ለብዙዎቹም ይተርፋል። ይህ 125 ግራም ናይትሮጅን ማለት ነው፤ በዩሪያ ሲመነዘር 270 ግራም አካባቢ፣ ያውም ለዓመቱ በሙሉ። በሳህን እየተዛቀ የሚበተነው ግን ስንት ግቢ ውስጥ ኪሎ አልፏል! 270 ግራሙም በአንዴ አይሰጥም። ድሬ ሁለት የዝናብ ወቅት ስላላት በአራት ከፍሎ፣ ሁለቱን በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሁለቱን በክረምቱ ወራት መስጠት ይሻላል። የአንዱ ጊዜ ድርሻ አንድ የቡና ሲኒ ተሞልቶ ጥቂት ቢጨመርበት ነው። ይህ ለዓይን ያንሳል፤ ሰው ሲኒዋን አይቶ «ለዚህ ሁሉ ዛፍ?» ማለቱ አይቀርም።

አበታተኑም ዋጋ አለው። ኖራ ባለበትና በሞቀ መሬት ላይ ተበትኖ የተተወ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ይተናል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የገዛችሁት ናይትሮጅን ወደ ሰማይ ሲሄድ ነው። ከበተኑ በኋላ ወዲያው በልኩ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ስንዝር ያህል እንዲሰርግ እንጂ እንዲያጥለቀልቅ አይደለም።

የሚጠፋውም ዝም ብሎ አይጠፋም። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ ነው። የሳቢያን ሰፈርን ጨምሮ በከተማዋ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊግራም ያለፈ ናይትሬት አግኝተዋል። ዋናው ተጠያቂ የሽንት ቤት ጉድጓድ እንጂ የግቢ ዩሪያ አይደለም፤ ይህን ማጋነን አያስፈልግም። ነገር ግን የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ያሳለፈው አሸዋ ዩሪያውንም ያሳልፋል።

ይህን ማምለጥ ለማዘግየት ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ከግቢያችን ዛፍ የሚወጣ መሆኑ ይገርመኛል። የኒም ዘይት አሞኒየም ወደ ናይትሬት የሚለወጥበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገሯ የሚመረተው ዩሪያ ሁሉ በኒም ዘይት እንዲለበጥ አዝዛለች። እኛ ደግሞ የኒሙን ፍሬ ጠርገን እንጥልና ዩሪያውን ለኒሙ እንበትንለታለን።

«ቅጠል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አጥቷል»

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው እምነት ይህ ይመስለኛል። ቢጫነት የብዙ ነገር ምልክት ነው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት የገረጣው ቅጠል የትኛው እንደሆነ ነው። ናይትሮጅን ሲያጥር ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ፣ መጀመሪያ የሚገረጣው ታችኛውና አሮጌው ቅጠል ነው፤ ሙሉ በሙሉም፣ ጅማቱ ጭምር ይገረጣል። ብረት ሲያጥር ግን ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል መበደር ስለማይችል የሚገረጣው ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው።

በድሬ ግቢ ይህን አጥርቶ የሚያሳየው ሎሚ ነው። ከጫፉ አንድ ለጋ ቅጠል ቀጥፋችሁ ወደ ፀሐይ አንሱት። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከጅማት እስከ ጅማት ያለው ሜዳ ወደ ቢጫ፣ አንዳንዴም ወደ ነጭ ከሄደ፣ ያጣው ብረት ነው። በዚህ ጊዜ ዩሪያ ቢጨመር ዛፉ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡም ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

ለምን? በኖራ ምክንያት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ የተተከለው አካባቢው በኖራ ድንጋይ የበለጸገ ስለሆነ ነው። ውኃውም ያንኑ ድንጋይ አልፎ ይመጣል፤ በማንቆርቆሪያ ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክሩ ነው። በየቀኑ ዛፍ ስናጠጣ ያንኑ ቅርፊት በትንሽ በትንሹ እያጠጣን ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ7.5 ሲያልፍ ብረቱ አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ስለማይሟሟ ሥሩ ሊወስደው አይችልም።

ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ከስንዝር ጥልቀት አንድ ማንኪያ ደረቅ አፈር አውጥታችሁ አቸቶ ጠብ አድርጉበት፤ አቸቶ ከሌለ ሎሚ ጭመቁበት። ቢፈላና አረፋ ቢያወጣ ኖራ አለው። ቁጥሩን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም፤ የአፈር ላቦራቶሪ አለው።

ሕክምናው አለ፤ ርካሽ ግን አይደለም። በኖራማ አፈር የሚሠራው የብረት ኬሌት ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ነው፤ በብዛት የሚሸጠው ኢዲቲኤ ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ውስጥ ብረቱን ይለቀዋል። ዝገት ያለው ምስማር መቅበር ወይም ግንዱ ላይ መምታት ደግሞ ምንም አይፈይድም፤ ዝገት ራሱ የማይሟሟ ብረት ነው፣ ግንዱም ለከንቱ ይቆስላል። በእኔ ግምት ኖራማ ግቢ ውስጥ በየዓመቱ ቢጫ የሚሆን ዛፍ ከማስታመም፣ ኖራ የማይከብደውን መትከል ይቀላል። ኒም እንዲህ ካለው አፈር ጋር የሚጣላ ዛፍ አይደለም።

ከቢጫው ሳንወጣ፣ የልብስ እጣቢም ይታሰብ። ሳሙናና በረኪና ያለበት ውኃ ሁልጊዜ አንድ ዛፍ ሥር ከተደፋ፣ አፈሩ ላይ ሶዲየም ይከምራል። ያን ዛፍ የሚያድነው ማዳበሪያ ሳይሆን የእጣቢውን ቦታ መቀየር ነው።

«አመድ ለሁሉም ይበጃል»

ኮምጣጣ አፈር ላላቸው ደጋማ ቦታዎች አመድ ጥሩ ነው፤ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል። አቸቶ የሚፈላበት አፈር ላይ ግን በኖራ ላይ ኖራ መጨመር ነው፤ የብረቱን ችግር ያባብሰዋል። የቡና አተላ ኖራውን ያጠፋዋል የሚሉም አሉ፤ ተፈልቶ ያለቀ አተላ አሲድነቱ ኢምንት ነውና ያን አያደርግም። ለብስባሽነት ግን ጥሩ ነው፤ እዚያው ይደፋ።

«ከግንዱ ሥር ከምረው»

ውኃና ምግብ የሚቀበሉት ቀጫጭን ሥሮች ግንዱ ሥር አይደሉም። አብዛኞቹ በላይኛው 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ናቸው፤ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፈውም ሩቅ ይዘረጋሉ፣ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ግቢ ድረስ። ማዳበሪያ የሚበተነው ከግንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጥላው ዳር ትንሽ እስከሚያልፍ ድረስ ነው። ግንዱን ተደግፎ የተከመረ ፍግ ልጡን ያበሰብሳል፤ በቆላ ደግሞ ምስጥ ይጠራል።

የተከላ ጉድጓድ ውስጥ ፍግ መሙላትም ከዚሁ የሚመደብ ነው። የተቀበረው ሲበሰብስ ይሰምጣል፤ ችግኙም አብሮ ይሰምጣል። ያልበሰለ ከሆነ ለጋውን ሥር ያቃጥላል። ጉድጓዱ በራሱ አፈር ይሞላ፤ ፍጉ ከላይ ይልበስ።

«ፍግ ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም»

የዶሮ ኩስ ትኩሱን ዛፍ ሥር የደፋ ሰው ይህን አይልም። በናይትሮጅንም በጨውም የበረታ ስለሆነ የቅጠሉን ዳር አቃጥሎ ያጠቁራል። የፍየልና የበግ ፍግ የዋህ ነው፤ ሌላ ጣጣ ግን አለው። ፍየሎች የፕሮሶፒስ ፍሬ ይወዳሉ፤ ዘሩ ሆዳቸውን አልፎ ሳይሞት ይወጣል። ትኩስ ፍግ የገዛ ሰው ፕሮሶፒስ ተክሏል ማለት ነው፤ ያም ዛፍ በዚሁ አሸዋ ላይ ያለ አንዳች ማዳበሪያ እንዴት እንደሚያድግ በአፋር መንገድ የሄደ ያውቃል። ቅንጨ አረምም ከፍግ ጋር ሊመጣ ይችላል። ፍግ እርጥበቱ እየተጠበቀ፣ እየተገላበጠ ወራት ተከምሮ፣ ውስጡ እጅ እስኪፈጅ ግሎ፣ በመጨረሻ ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ነው ወደ ዛፍ የሚሄደው።

«የጠወለገ ዛፍ ማዳበሪያ ያበረታዋል»

ማዳበሪያ ጨው ነው። ደረቅ አፈር ላይ ሲጨመር ውኃውን ከሥሩ ያስጥለዋል፤ የተጠማውን ዛፍ የበለጠ ያስጠማዋል። መጀመሪያ ውኃ፣ አገግሞ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ሌላው።

«ኤንፒኤስ ካለ እሱ ይሻላል»

ከገጠር ዘመድ የመጣች የኤንፒኤስ ትርፍ በየቤቱ አትጠፋም። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር ነው፤ ለእህል የተሠራ ነው። የጥላ ዛፍ ፎስፈረስ የሚያጥረው ከስንት አንዴ ነው። በኖራማ አፈር ፎስፈረሱ ከካልሲየም ጋር ተሳስሮ ይቀራል፤ ሲበዛም ብረትና ዚንክ እንዳይወሰዱ ያደርጋል። በተለይ ግራቪሊያ ካለ አትሞክሩት፤ ዝርያው ከደሃ አፈር ፎስፈረስ ለቅሞ ለመኖር የተሠራ ሥር ያለው ነው።

«ቅጠል ቆሻሻ ነው፣ ይጠረግ»

ማንም እንደ ማዳበሪያ ጉዳይ ስለማያየው ነው ይህን ወደ መጨረሻ ያስቀረሁት። ማለዳ ግቢው ይጠረጋል፤ የኒሙ ቅጠልና የድሬዳዋ ዛፉ ቅንጣት ሁሉ ተሰብስቦ ከበር ውጭ ይቃጠላል። ዛፉ ከአፈሩ ያወጣው ናይትሮጅን በጭስ ይሄዳል፤ አሸዋው ላይ ብስባሽ የሚባል ነገር አይቀርም። ከዚያ ባለቤቱ ዩሪያ ፍለጋ ይወጣል።

አሸዋን ከሚያፈስ ወደሚይዝ የሚለውጠው ብስባሽ ነው፤ ውኃውንም፣ አሞኒየሙንም ያቆያል። ከጥላው ሥር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚሆን ቅጠል፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ ቢተው፣ አፈሩ ከፀሐይ ይድናል፤ የሚጠጣውም ውኃ ይቀንሳል። ግራርና ሸውሸዌ ደግሞ ሥራቸው ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ያገኛሉ፤ ለእነሱ ቅጠሉን መተው ብቻውን ከበቂ በላይ ነው።

«ጊንጥ ይገባበታል» የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ በድሬ ሙቀት አይቀለድበትም። ቅጠሉ ከቤት ግድግዳና ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ ብሎ ይሁን፤ ስስ ሆኖ ይነጠፍ፣ አልፎ አልፎም በሬክ ይገላበጥ። ግቢው በሲሚንቶ ተለብጦ ለዛፉ አንዲት ክብ ብቻ ከተተወችለት፣ ቅጠሉ ጥግ ላይ በኬሻ ተጠራቅሞ፣ እየረጠበ ከበሰበሰ በኋላ ወደዚያች ክብ ይመለስ። ለአዲስ ችግኝ ግን በመጀመሪያው ዓመት ዩሪያ የሚባል አያስፈልግም፤ ውኃና ይህ የቅጠል ልብስ ይበቁታል። የዩሪያዋ ሲኒ የምትወጣው ከሁለተኛው ዓመት በልግ ጀምሮ ነው፤ እሱም ቅጠሉ ታይቶ፣ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ።