ኢንተርኔቱ ሲቆም፣ ኢሜይሉ አልከፍት ሲል

የቤት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይነካካል፤ ወይ ባለሙያ ጠርቶ ይከፍላል። ብዙውን ጊዜ ግን አንዱም አያስፈልግም። ብልሽቱ የት እንዳለ መለየት ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃና ትዕግሥት ነው። እንዴት እንደሚለዩት አንድ በአንድ እንየው።

ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ ጎረቤትን እንጠይቃለን፤ ቀጥሎ ቆጣሪውን እናያለን፤ በመጨረሻ የራሳችንን ቧንቧ እንፈትሻለን። ኢንተርኔትም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል። ችግሩ ከአራት ቦታ በአንዱ ነው፦ ስልክዎ ወይም ኮምፒዩተርዎ ላይ፣ ራውተሩ ላይ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን)፣ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ፣ ወይም እንደ ጂሜይል ባለው በሚጠቀሙበት አገልግሎት ላይ።

ችግሩ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?

ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ስልክ በዚሁ ዋይፋይ ይሠራል? የሚሠራ ከሆነ መስመሩም ራውተሩም ደህና ናቸው፤ ችግሩ የእርስዎ ስልክ ላይ ነው። ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩት። ካልሠራ ስልኩን ራሱን አጥፍተው ያብሩ።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር ነው እምቢ ያለው ወይስ አንድ ገጽ ብቻ? ዩቲዩብ እየሠራ የባንክዎ ገጽ ብቻ ካልከፈተ፣ ችግሩ ምናልባት ባንኩ ዘንድ ነው። ጠብቀው መሞከር እንጂ ራውተር መነካካት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ስልኩን ከዋይፋይ አውጥተው በሞባይል ዳታ ሲሞክሩ ይሠራል? በዳታ ሠርቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ፣ ችግሩ ያለው ከራውተሩ እስከ ኢትዮ ቴሌኮም (ቴሌ) ባለው መንገድ ላይ ነው። ወደ ራውተሩ እንሂድ።

የራውተሩ መብራቶች ምን ይናገራሉ?

አቀማመጣቸው ከሞዴል ሞዴል ቢለያይም ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። የኃይል መብራቱ ካልበራ ችግሩ ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩ ወይም አዳፕተሩ ነው። አዳፕተር ማለት ሶኬት ላይ የሚሰካው የራውተሩ ቻርጀር ነው። በሌላ ሶኬት ይሞክሩት።

ኢንተርኔትዎ በስልክ መስመር የሚመጣ ከሆነ ‹‹ዲኤስኤል›› የሚል መብራት ያያሉ። ሳያቋርጥ ከበራ መስመሩ ተገናኝቷል። ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መስመሩን እየፈለገ አላገኘም። በዚህ ጊዜ የቤት ስልኩን አንስተው ያዳምጡ። የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ወይም ጭራሽ ዝም ካለ፣ ሽቦው ወይም መገጣጠሚያው ተበላሽቷል። በክረምት ይህ ይበዛል፤ ውሃ የመዳብ ሽቦው መገጣጠሚያ ውስጥ እየገባ ያዝገዋል። የውጭውን መስመር መጠገን የቴሌ ሥራ ነው፤ እርስዎ ምሰሶ ላይ አይውጡ።

ኢንተርኔትዎ በፋይበር የሚመጣ ከሆነ፣ ማለትም ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ፣ ‹‹ሎስ›› የሚለውን መብራት ይዩ። ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። ገመዱ በቁም ሳጥን ወይም በበር ተጨፍልቆ፣ ወይም በጣም ተጣጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ፋይበር ከታጠፈ ብርሃን ያፈስሳል። የተጣጠፈውን በቀስታ ያላሉት። ጫፉን ነቅለው በዓይንዎ አይመልከቱ፤ በውስጡ የሚያልፈው የማይታይ ብርሃን ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር ካለዎት ሁለት ነገር ይፈትሹ፤ ጥቅሉ አለማለቁንና የኔትወርኩን ጥንካሬ። ራውተሩን ወደ መስኮት ማስጠጋት ብቻ ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል።

በየትኛውም ዓይነት መስመር ወርሃዊ ክፍያው መከፈሉን አይርሱ። ክፍያ ሲያልፍ መስመሩ ይዘጋል፤ መብራቶቹ ደህና እየመሰሉ ምንም ገጽ አይከፈትም።

አጥፍቶ ማብራት በእርግጥ ይሠራል?

አዎ፣ ምክንያትም አለው። ራውተር ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ለቀናት ሳይጠፋ ሲሠራ የማስታወሻ ቦታው ይጨናነቃል፤ ከቴሌ ጋር ያለው ግንኙነትም ተቋርጦ ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። ሲጠፋና ሲበራ ሁሉን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አሠራሩ ይህ ነው። ከሶኬቱ ይንቀሉት። 30 ሴኮንድ ይጠብቁ። መልሰው ይሰኩት። መብራቶቹ እስኪረጋጉ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይታገሱ። ቶሎ ቶሎ መንቀልና መሰካት ምንም አይጠቅምም።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ። ከራውተሩ ጀርባ በመርፌ የሚነካ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ‹‹ሪሴት›› ይባላል። እሱ አያስነሳም፤ የተሞላውን ሁሉ ይሰርዛል። መስመሩ የሚገባበት ስምና የይለፍ ቃል (ፓስወርድ) አብሮ ስለሚጠፋ፣ ባለሙያ እንደገና እስኪሞላው ኢንተርኔት አይኖርዎትም። ነጻ የነበረው ጥገና ወጪ የሚያስከትለው እዚህ ላይ ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣስ?

ራውተርን ብዙ ጊዜ የሚገድለው መብራት መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩን ይንቀሉት፤ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ይሰኩት። ይህ ልማድ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

አዳፕተሩ ከተቃጠለ ራውተሩን አይጣሉ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ያንብቡ። አዲሱ በቮልት እኩል መሆን አለበት፤ በአምፔር እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። 12 ቮልት ለሚፈልግ 9 ቮልት ገዝተው ቢሰኩ ወይ አይነሳም፣ ወይ እየተነሳ ይወድቃል።

መብራት በሌለበት መሥራት የግድ ከሆነብዎ ለራውተር የተሠሩ ትንንሽ ባትሪዎች ይሸጣሉ። ሲገዙ ቮልቱ ከራውተርዎ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ሰፈሩ ሁሉ ሲጠፋ ግን በሰፈሩ ያለው የኔትወርክ መሣሪያም የራሱ ባትሪ ሊያልቅበት ይችላል፤ ያኔ የእርስዎ ባትሪ ብቻውን አይረዳም።

ዋይፋይ አለ፤ ግን ይንቀራፈፋል

መጀመሪያ የገዙትን ፍጥነት በትክክል ይረዱ። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ያካፍሉ። የ10 ሜጋቢት መስመር በሴኮንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። 10 ሜጋባይት ጠብቀው ከሆነ መስመሩ አልተበላሸም።

ቀጥሎ ርቀቱን ይዩ። ዋይፋይ በብሎኬትና በኮንክሪት ግድግዳ ሲያልፍ ይዳከማል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ የተቀመጠ ራውተር ግቢው ጫፍ ላይ ላለው ሰርቪስ ቤት ባይደርስ አይገርምም። ከፍ አድርገው ቤቱ መሐል ያስቀምጡት።

ራውተርዎ ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይ ከሆነ አንዱ 5 ጊጋኸርዝ ይሆናል። እሱ ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ አይወድም። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ እሱን ይጠቀሙ። ለሩቁ ክፍል 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለው ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ስንት ሰው እየተጠቀመ ነው? ፓስወርዱ ለጎረቤት፣ ለእንግዳ፣ ለእንግዳ ልጅ ከተሰጠ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ፓስወርዱን ይቀይሩት፤ ሁሉም ይወጣሉ፤ የሚፈልጉትን ብቻ መልሰው ያስገባሉ።

ገጹ ‹‹አስተማማኝ አይደለም›› ብሎ አልከፍት ቢለኝስ?

ቀኑንና ሰዓቱን ይዩ። ይህ ችግር በአገራችን የራሱ ምክንያት አለው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚያገለግል የዲጂታል መታወቂያ አለው። ኮምፒዩተርዎ መታወቂያውን ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ከሞሉት ኮምፒዩተሩ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል። መታወቂያው ገና ያልወጣ ስለሚመስለው ገጹን ይከለክላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በስልኩ 9:00 ነው። 3:00 ብለው ከሞሉ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጥ መተግበሪያ ቁጥሩን ያሳስታል። መፍትሔው ቀኑና ሰዓቱ በራሱ እንዲሞላ ማድረግና የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ማለት ነው።

የቆየ ኮምፒዩተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን የሚረሳ ከሆነ በውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙውን ጊዜ ‹‹ሲአር 2032›› የተባለችው ናት። መቀየሯ ቀላል ጥገና ነው፤ ለዚህ ብሎ ኮምፒዩተር መቀየር አያስፈልግም።

ኢሜይል አይገባልኝም፤ አይላክልኝም

የመጀመሪያው ምክንያት ቦታ መሙላት ነው። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ይህ ቦታ ለኢሜይል ብቻ አይደለም፤ ጉግል ድራይቭና ጉግል ፎቶስም ይጋሩታል። ከሰኔ 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚጫኑ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራሉ። ስለዚህ የሰርግ ቪዲዮ የሥራ ቅጥር ኢሜይልዎን ሊያግድ ይችላል። ቦታው ሲሞላ መላክም መቀበልም ይቆማል። ትልልቅ ቪዲዮዎችን ያጥፉ፤ ከዚያ የቆሻሻ መጣያውንም ባዶ ያድርጉ። መጣያው ውስጥ ያለው በጂሜይልና በድራይቭ እስከ 30 ቀን፣ በጉግል ፎቶስ ደግሞ እስከ 60 ቀን ቦታ እንደያዘ ይቆያል።

ሁለተኛው የአባሪው ክብደት ነው። አባሪ ማለት ከኢሜይሉ ጋር የሚላከው ፋይል ነው። የጂሜይል ጣሪያ 25 ሜጋባይት ነው። በስልክ መስመር በሚመጣ ኢንተርኔት የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው በጣም ያንሳል። መላኪያው ግማሽ ሜጋቢት ከሆነ 25 ሜጋባይት ለመላክ ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል። ተሰቅሎ የቀረ ይመስላል እንጂ እየሄደ ነው። ሰነድ በስልክ ፎቶ ሲያነሱ አሳንሰው ወይም በፒዲኤፍ አድርገው ይላኩ።

ሦስተኛው የአድራሻ ስህተት ነው። ኢሜይሉ ተመልሶ ‹‹አድራሻው አልተገኘም›› ካለ ምናልባት አንድ ፊደል ተሳስቷል። እያንዳንዱን ፊደል ከተቀባዩ ጋር ያመሳክሩ።

ይመጣል የተባለ ኢሜይል ከቀረ ‹‹ስፓም›› የሚለውን ማኅደር ይክፈቱ፤ አጠራጣሪ መልእክቶች የሚከማቹበት ነው። ኤምባሲ ወይም ዩኒቨርሲቲ የላከው እዚያ ገብቶ ይገኛል። እዚያም ከ30 ቀን በኋላ ስለሚጠፋ ቶሎ ይዩ።

ፓስወርዴን አላውቀውም

ብዙ ሰው ኢሜይሉን ራሱ አልከፈተውም። ስልክ የሸጠው ሱቅ ወይም ኢንተርኔት ቤት ነው የከፈተለት። ፓስወርዱን የመረጠው ሌላ ሰው ነው፤ ማስመለሻ ስልክ ተብሎ የተሞላው ቁጥርም የሱቁ ሊሆን ይችላል። ስልኩ እስከሚሠራ ድረስ ችግሩ አይታይም። ስልኩ ሲሰረቅ ግን ኢሜይሉ፣ ፎቶው፣ የሰዎች ቁጥር ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ አሁን፣ እየሠራ ሳለ፣ ወደ ጉግል አካውንትዎ ማስተካከያ ይግቡ። ፓስወርዱን ራስዎ ይቀይሩ። የማስመለሻ ቁጥሩን በእጅዎ ባለው ሲም ይተኩ። የሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ኢሜይልም ይጨምሩ። ጉግል አካውንት ለማስመለስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ‹‹ክፈለኝና አስመልስልሃለሁ›› ለሚል ሰው የማረጋገጫ ቁጥር አይስጡ።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። ‹‹ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ›› የሚል ኢሜይል ማጭበርበር ነው። ዲቪ (የአሜሪካን የቪዛ ዕጣ) የሞላ ሰው መመረጡን የሚያውቀው በማረጋገጫ ቁጥሩ የአሜሪካ መንግሥት ገጽ ላይ ራሱ ገብቶ ሲያይ ነው።

ሁሉም ካልሆነስ?

ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይደውሉ። ከመደወልዎ በፊት አራት ነገር ይያዙ፦ የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተቋረጠ፣ የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ እስካሁን ምን እንደሞከሩ። ‹‹ኢንተርኔት የለም›› ከማለት ‹‹ከትናንት ማታ ጀምሮ ሎስ ቀይ ነው፣ አጥፍቼ አብርቻለሁ›› ማለት ጉዳዩን በቀጥታ ወደ መስመር ጠጋኞች ያደርሰዋል። የአቤቱታ ቁጥር ተቀብለው ይጻፉት፤ በድጋሚ ሲደውሉ ከመጀመሪያው ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ የመስመሩን ስምና ፓስወርድ፣ የአዳፕተሩን ቮልትና አምፔር አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰነድ በሚያስቀምጡበት ቦታ ያኑሩ። ኢንተርኔቱ በሚሠራበት ቀን ይጻፉት፤ ሲቋረጥ አብዛኛውን መረጃ ማግኘት አይችሉምና።