ማዲያትና ሌዘር፦ ብርሃኑ ጥቁሩን ነው የሚፈልገው

ፀሐይ የምታደርሰው ጉዳት በሁሉም ፊት ላይ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ነጭ ቆዳ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፣ የቀላ የደም ሥርና ሽብሽብ ሆኖ ይወጣል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቀድሞ የሚታየው የቀለም መዘበራረቅ ነው፤ ከዚህም ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ጉንጭና ግንባር ላይ የሚዘረጋው ማዲያት ነው። እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልና የዘር ውርስ ያመጡታል፣ ፀሐይ ታባብሰዋለች። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የምትኖር እህታችን «በብርሃን ይሻለኛል ወይስ በሌዘር?» ብላ ስትጠይቅ፣ ለነጭ ጎረቤቷ የተሰጠው መልስ ለእሷ አይሆንም።

ሌዘር አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ያለው ብርሃን ነው። «ብርሃን» የተባለው፣ አይ ፒ ኤል፣ ደግሞ ሌዘር አይደለም፤ ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ድብልቅ ብርሃን በብልጭታ የሚለቅ ኃይለኛ መብራት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ባስረዱት መንገድ ነው። ልኩ የታወቀ ብርሃን ለቅጽበት ሲለቀቅ የተፈለገው ቀለም ብርሃኑን መጥጦ ይግላል፣ ይሰባበራል፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ ግን ይተርፋል።

ችግሩ ያለው «በዙሪያው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ ጥቁር፣ ዙሪያው ነጣ ያለ ስለሆነ ብርሃኑ ዒላማውን አይስትም። በአይ ፒ ኤል ሲታከም ፊት ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል፣ ዓይን በመከላከያ ይሸፈናል፣ መሣሪያው ጉንጭ ላይ አርፎ ብልጭ ይላል። በማግስቱ ነጠብጣቡ የቡና አተላ መስሎ ይጠቁርና በሳምንት ገደማ ይረግፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቆዳ አይ ፒ ኤል ጥሩ ምርጫ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ዙሪያውም ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም የሞላበት ነው። ብርሃኑ ማዲያቱን ከጤነኛው አይለይም፣ ሁሉንም ያግላል። የመሣሪያው መስታወት አራት ማዕዘን ቅርጽ በቃጠሎ ጉንጭ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል፤ ቃጠሎው ሲድንም ከበፊቱ የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ይተዋል።

የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ሜላኒን የሚመጠው ብርሃን ይቀንሳል። 1064 ናኖሜትር ያለው ኤንዲ ያግ ሌዘር ለጥቁር ቆዳ ይበልጥ የሚመረጠው የላይኛውን ቆዳ ብዙ ሳያግል ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ነው። ሽብሽብ ለማከም ቆዳን የሚልጠው፣ 10,600 ናኖሜትር ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ደግሞ ዒላማው ውኃ ቢሆንም፣ የሚተወው ቁስል ጠይም ቆዳን በቀላሉ ያጠቁራል። ስለዚህ «ሌዘር ነው» መባል ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ የትኛው ሌዘር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኤንዲ ያግም ቢሆን ማዲያትን ከሥሩ አይነቅልም። በዝቅተኛ ኃይል፣ ደጋግሞ ይሠራል፤ ሲቆም ማዲያቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ነጫጭ ነጥቦች ሊያወጣ ይችላል። በእኔ እምነት ለማዲያት ሌዘር መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ የሚታሰብ ነው። የሚቀድመው ሐኪም ያዘዘው ቅባትና ከፀሐይ መከላከል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ማዲያትን የሚያባብሰው የሚታየው ብርሃንም ስለሆነ፣ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከተራው ይሻላል። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣም አይናቁ።

አዲስ የወጣ፣ የሚያድግ ወይም የሚደማ ምልክት ካለ ግን ካንሰር አለመሆኑን የቆዳ ሐኪም ሳያረጋግጥ ምንም ብርሃን አይንካው። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን በተለይ ይጠንቀቁ።

ሌዘር ለመሠራት የወሰነ ሰው የማሽኑን ዓይነት ይጠይቅ፤ ባለሙያው እንደ እሱ ያለ ቆዳ አክሞ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቅ፤ በማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ አስሞክሮም ሳምንታት ይጠብቅ። ክሊኒኩ ያለው አይ ፒ ኤል ብቻ ከሆነና ቆዳዎ ጠይም ወይም ጥቁር ከሆነ፣ አመስግነው ይመለሱ።